ወረርሽኝ ሲገባ የጤና ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል? ከጤና ኬላ እስከ ማስተባበሪያ ማዕከል፣ ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር ሕዝቡ የጠየቀው ስለ ሰውየው ማንነት ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ መሆኑ ወዲያው ተሰማ። በበሽታ ቅኝት፣ ማለትም በሽታ የትና መቼ እንደታየ በመከታተል ሥራ ላይ የነበርነው ሰዎች ዓይናችን ያረፈው ግን ሌላ ቁጥር ላይ ነው። ሰውየው አገር ውስጥ የገባው የካቲት 25 ቀን ነበር። ዘጠኝ ቀን። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ከማን ጋር በላ፣ በማን መኪና ሄደ፣ የትኛው ስብሰባ ላይ ተቀመጠ?

ቬንትሌተርና ትልቅ ሆስፒታል በቴሌቪዥን ደምቀው ይታያሉ። አብዛኛው ሥራ ግን ሰዓት የማሳጠር ሥራ ነው፦ በሽታው ከታየበት እስከ ተነገረበት፣ ከተነገረበት እስከ ተመረመረበት፣ ውጤቱ ከወጣበት ታማሚው እስከ ሰማበት። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በወረዳና በዞን ለቅኝት ሥራ አዲስ ለተመደቡ ባለሙያዎች ነው፤ ሥርዓቱ ከውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ አንባቢም ቢከተለኝ አይከብደውም። ምሳሌዬ ኢትዮጵያ በኮቪድ ጊዜ ያለፈችበት ነው።

ደረጃ 1፦ ወረርሽኙ ሳይመጣ ሪፖርቱን አስለምዱ

ዝግጅት ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ጭምብልና ጓንት የሞላ መጋዘን ነው። መጋዘኑ አይጠላም፤ ከእርሱ የሚቀድመው ግን በየሳምንቱ ሳይዛነፍ የሚመጣ ሪፖርት ነው። የቅኝት ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል። ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ እየተቀባበለ መረጃው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥራቸው ወደ 40 ሺህ ይደርሳል፤ ማን እንዳመመው ከማንም በፊት የሚሰሙት እነርሱ ናቸው።

ዜሮን አትናቁ። «በዚህ ሳምንት ምንም የለም» ብሎ የጻፈ ጤና ኬላና ጭራሽ ምንም ያልላከ ጤና ኬላ አንድ አይደሉም። አንደኛው ፈልጎ አጣ፤ ሁለተኛው አልፈለገም። በአለቆች ግምገማ ላይ ሁለቱም ባዶ ሆነው ሲታዩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በሽታው የሚያድርበትም እዚያ ባዶ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

የስልክ ዝርዝራችሁን በየሦስት ወሩ እየደወላችሁ አረጋግጡ፤ ለእያንዳንዱ ተቋም አንድ ተጠሪና አንድ ተተኪ ይኑር። እኔ በነበርኩበት ወረዳ አንድ ሌሊት ለአምስት ጤና ጣቢያዎች ደውዬ ስልክ ያነሡት ሦስት ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ከለቀቀ ዓመት የሞላው ልጅ ሆኖ ተገኘ። በጨዋነት አዳምጦኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን ባጃጅ ነው የምነዳው» አለኝ።

ደረጃ 2፦ ጭምጭምታውን መዝግቡ፣ በ30 ደቂቃ አስተላልፉ

ወረርሽኝ ራሱን በላቦራቶሪ ወረቀት አያስተዋውቅም። የሚመጣው በወሬ ነው፦ «እነ እንትና ቤት ሦስት ሰው ተኝቷል»፣ «በዚያ ቀበሌ ቀብር በዛ»። ለዚህ የጭምጭምታ መዝገብ ይከፈታል፤ ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደደወለ፣ ምን እንዳለ ይጻፍበታል። የምትጠይቁት ጥቂት ነገር ነው፦ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ሰው፣ ምን ምልክት፣ የሞተ አለ ወይ፣ ከሩቅ አገር ወይም ከሌላ ወረዳ የመጣ እንግዳ ነበረ ወይ።

ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ከተጠረጠረ ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይናገራል፣ ጤና ጣቢያውም ለወረዳው በሌላ 30 ደቂቃ፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። «ተጠረጠረ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። እስኪረጋገጥ መጠበቅ ጥንቃቄ ይመስላል፤ የሚባክነው ግን ራሱ ጊዜው ነው። ተሳስቶ የደወለን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንድ ጊዜ ብትቆጡት ሁለተኛ አይደውልም።

ከአገር በላይ ያለው ሰዓትም የታወቀ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት አንድ አገር የደረሰውን ምልክት በ48 ሰዓት መገምገም፣ ዓለምን የሚያሰጋ ሆኖ ካገኘው ደግሞ በ24 ሰዓት ለዓለም የጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። በቅርብ ዓመታት ብዙ አገሮች ራሳቸውን የሚለኩበት 7-1-7 የሚባል መስፈሪያም አለ፦ በ7 ቀን ማግኘት፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ። ለወረዳም ይሠራል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሦስቱን ቀኖች በእስክሪብቶ ሙሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኃላፊ

ነገሩ ከአንድ ጤና ጣቢያ አቅም ሲያልፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከል ሥራ ይጀምራል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ማዕከሉ ለወረዳ ማለት አንድ ክፍል፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ስልክና አንድ የምላሽ ኃላፊ ነው። በሥሩ ቅኝት፣ ላቦራቶሪ፣ ሕክምና፣ አቅርቦት፣ የሕዝብ ግንኙነትና ሒሳብ ይኖራሉ። ሒሳቡን መጀመሪያውኑ አስገቡት። የነዳጅ ፈቃድ የሚፈርመው ሰው ከክፍሉ ውጭ ከሆነ አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል።

ስብሰባው በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ይካሄድ። እያንዳንዱ ውሳኔ ስምና ሰዓት ይኑረው። «ክትትል ይደረጋል» የሚል ቃለ ጉባኤ ካያችሁ ማንም ምንም እንደማያደርግ ዕወቁ።

ደረጃ 4፦ ማን ተጠርጣሪ እንደሆነ ወስኑ፣ ናሙናውን አድርሱ

የበሽታው መለያ፣ ማለትም ማን ተጠርጣሪ እንደሚባል የሚወስነው መስፈርት፣ በአንድ ገጽ ይጻፍና ለሁሉም ይሠራጭ። መለያው በየጊዜው ይለወጣል፤ በኮቪድ መጀመሪያ ከተጠቁ አገሮች የመጣ መንገደኛ ብቻ ነበር የሚጠረጠረው፣ በሽታው ሕዝብ ውስጥ ሲገባ ግን የጉዞ ታሪክ ትርጉም አጣ። አሮጌውን ወረቀት ከግድግዳ ላይ አንሡ፤ አለበለዚያ ሁለት ነርሶች በሁለት ሕግ ይሠራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ተመርምሮ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኢንስቲትዩቱ በራሱ ላቦራቶሪ መመርመር ጀመረ፣ ቀጥሎም ምርመራው ወደ ክልሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ወረደ። ማሽኑ ቢቀርብም ናሙናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ፣ በሦስት ድርብ ማሸጊያ ይጓዛል። በረዶው እንዳይቀልጥ ብቻ ሳይሆን ናሙናው ራሱ በረዶ ላይ ተጣብቆ እንዳይረጋም ተጠንቀቁ።

አሁን ስለ ስም ልናገር፤ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁና። እኛ አገር በስምና በአባት ስም ሁለት ሰው መገጣጠሙ ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን ከአንድ ጤና ጣቢያ የተላኩ ሁለት ብልቃጦች ላይ አንድ ዓይነት ስም ተጽፎ መጣ፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ የ20 ዓመት ወጣት። ውጤቱ ተዘዋወረ። ሽማግሌው ነጻ ነዎት ተብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጤነኛው ልጅ ደግሞ ለይቶ ማከሚያ ገባ። ስሕተቱ እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ስለዚህ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የሰፈሩ የአጠራር ስምና መለያ ቁጥር፣ አምስቱም ብልቃጡም ወረቀቱም ላይ ይጻፉ። በቀላሉ በማይለቅ እስክሪብቶ፤ የቀዘቀዘ ብልቃጥ ያልበዋልና።

ደረጃ 5፦ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ፈልጉ

በኮቪድ ጊዜ ንክኪ የሚባለው፣ ታማሚው ምልክት ካሳየበት ሁለት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ከ15 ደቂቃ በላይ አብሮት የቆየ ሰው ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ መጠየቁ ግን ጥበብ ይፈልጋል። «ከማን ጋር ተገናኙ?» ብሎ የጠየቀ ባዶ ቅጽ ይዞ ይመለሳል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአንዲት አዛውንት ጋር ስትነጋገር የሰማሁት ይህ ነው፦

«እማማ፣ ባለፉት ቀናት ከማን ጋር ተገናኙ?»

«ከማንም፣ ልጄ። ከደጄ አልወጣሁም።»

«ቡናውንስ ብቻዎን ነው የጠጡት?»

«ኧረ ቡና ብቻውን ይጠጣል እንዴ! የጎረቤቴ ምራት ነበረች፤ የእድሩ ጸሐፊ ለወሩ ክፍያ ብቅ ብሎ አንድ ሲኒ ቀመሰ፤ የልጅ ልጆቼማ ወጡ ገቡ።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስምንት ሰው ተመዘገበ። በቡና ጀምሩ፤ ከዚያ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ገበያ፣ ሚኒባስ። ታማሚውን የምታነጋግሩት እንደ ጥፋተኛ አይሁን፤ የነገረን ሰው በሰፈሩ «በሽታውን ያመጣው» ተብሎ ከተጠቆመ የሚቀጥለው ታማሚ ስልኩን ይዘጋል። በነጭ ልብስ ተሸፋፍኖ በሳይረን የሚገባ አምቡላንስ ቤቱን በመንደር ፊት ያስነውራል። ሳይረኑን ገና ከመንደሩ መታጠፊያ ላይ አጥፉት።

የሰው ኃይላችሁን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ ታማሚ 15 ንክኪ ቢኖረውና እያንዳንዱ ለ14 ቀን በየቀኑ ቢደወልለት 210 ጥሪ ነው። አሥር ታማሚ ማለት በቀን 150 ጥሪ፤ አንድ ባለሙያ በቀን 40 ቢደውል አራት ሰው ያስፈልጋችኋል። ታማሚው መቶ ሲሆን አርባ ሰው ስለማይገኝ፣ ክትትሉ ለማን እንደሚቀድም ገና በአሥሩ ጊዜ ወስኑ፦ አዛውንት አብረውት ያሉ፣ ጤና ባለሙያ፣ እስር ቤትና የጋራ መኖሪያ።

ደረጃ 6፦ ድንበርና ገደብ

ኢትዮጵያ ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ጀምሮ በቦሌ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን እንዲቆይ አዘዘች፤ ከሳዑዲ ዓረቢያና በጅቡቲ በኩል የተመለሱ ወገኖች ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተቀመጡ። የሙቀት መለኪያ ብቻውን ከተማመናችሁበት ያሞኛችኋል፤ ቫይረሱን ይዞ ገና ያልተኮሰ ሰው ያልፈዋል።

ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አገሪቱ ሙሉ በሙሉ ቤት ዝጉ አላለችም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ለሚያገኝ ሕዝብ ያ ትእዛዝ ሌላ በሽታ ነበር፣ በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነው። ነገር ግን ታክሲው ግማሽ እንዲጭን ሲደረግ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ክፍያው ተሳፋሪው ላይ ወደቀ። የምታወጡት ገደብ ሁሉ ከፋይ አለው። ማን እንደሆነ ሳታውቁ አታውጁ።

ደረጃ 7፦ ኦክስጅኑን አስሉ

የካ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ማከሚያ ሆነ፤ ሠርግና ኤግዚቢሽን ይደምቅበት የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽ በአልጋ ተሞላ። አልጋ መዘርጋት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚተርፈው በኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

40 ሊትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 40 በ150 ተባዝቶ ወደ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታማሚ 20 ሰዓት ይበቃል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ 10 ሰዓት። ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ 15 ሊትር ለሚያስፈልገው ግን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ። እንዲህ ያለ አንድ ታማሚ በቀን 21,600 ሊትር ይጨርሳል፤ ስምንት ቢሆኑ 29 ሲሊንደር ነው። መኪናው ሊያስሞላ ሄዶ እስኪመለስ 12 ሰዓት የሚፈጅበት ከሆነ በሄደበት ቅጽበት ቢያንስ 15 ሙሉ ሲሊንደር በእጃችሁ መኖር አለበት፤ መንገዱ በዝናብ ሊቆረጥ ይችላልና ከዚያም በላይ።

ይህን ስሌት በሠንጠረዥ ጽፋችሁ ክፍሉ በር ላይ ለጥፉ፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ በድካም ላይ ማካፈል አይጠበቅባትም። ሙሉና ባዶ ሲሊንደር በተለያየ ግድግዳ ይደገፉ። መፍቻውን ደግሞ በገመድ እዚያው እሰሩት። አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሙሉ ሲሊንደር ቆሞ መክፈቻ ጠፋ፤ መፍቻው ለእረፍት በሄደ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር። ከመካኒክ ቤት እስኪመጣ ድረስ የነበረችውን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ባለሙያውን ጠብቁ፤ የታመመ ነርስ በአልጋ አይተካም። የመከላከያ ልብስ ሲለበስ ሳይሆን ሲወለቅ ነው ሰው የሚያዘው፤ ስለዚህ የሚያወልቅን ሰው የሚመለከት ሌላ ሰው ይቁም። ለወለልና ለዕቃ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ይዘጋጅ፦ የበረኪናው ጥንካሬ 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ። ጥንካሬውን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ እንጂ አሽትታችሁ አትገምቱ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ፀሐይ አይንካው።

ደረጃ 8፦ ሌላው ሕክምና እንዳይቆም

ወረርሽኝ የሚገድለው በራሱ ብቻ አይደለም። እናት ፈርታ ቤቷ ስትወልድ፣ የቲቢ ታማሚ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ሕፃን ክትባት ሲያልፈው ሞቱ በሌላ ስም ይመዘገባል። በኮቪድ ምክንያት ተራዝሞ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ተካሂዶ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። ሰው በርቀት ተሰልፎ፣ ከታቢው ጭምብል አድርጎ። ከዚያ ዓመት ሥራዎች አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

በወረዳ ደረጃ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በየሳምንቱ የወሊድ፣ የክትባትና የተመላላሽ ታካሚ ቁጥርን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ጎን ጻፉ። አንዱ በድንገት ከወረደ ሰዉ ድኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። ለትኩሳት ታማሚ ሌላ በር ክፈቱ። ለረጅም ጊዜ ሕሙማን የሦስት ወር መድኃኒት ስጡ።

ደረጃ 9፦ ለሕዝቡ ተናገሩ

በኢንስቲትዩቱ 8335 ነጻ የስልክ መስመር የሚደውለው ሰው አብዛኛው የሚፈልገው የሚያዳምጠው ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቁጥር ስጡ፤ መጥፎ ቁጥርም ቢሆን። የቀረበት ቀን ወሬ ይተካዋል። ያኔ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ዋጋቸው የናረው አለምክንያት አይደለም። ፌጦ የሚጠጣን ሰው አትሳቁበት፤ «ጠጡት፣ ነገር ግን ካተኮሰዎ ይደውሉ» በሉት። እልህ ከገባችሁ የሚያሸንፈው ፌጦው ነው።

መልእክቱን የሚያደርሱት ነፍስ አባት፣ የመስጊድ ኢማምና የእድር ዳኛ ናቸው። ከኢንስቲትዩቱ የወጣን ፖስተር ከመለጠፍ በፊት የእድር ዳኞችን ሰብስቡና ለቅሶ እንዴት ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ድንኳኑ እንደተተከለ ወንበሩ ግን ተራርቆ፣ ለቀስተኛው በተራ እየገባ እንዲደርስ የተስማሙት እነርሱ ራሳቸው ናቸው፤ እኛ ብንል ኖሮ ማን ይሰማን ነበር? ሕዝቡ ወረርሽኝን በራሱ መንገድ ያስታውሳል። በ1911 የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይነገራል፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ቆሻሻ አቃጥሎ በጭስ ይታጠናል።

ደረጃ 10፦ ክትባቱ ሲመጣ

ክትባትን ለአገሮች ከሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ከኮቫክስ የመጣው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ቦሌ ደረሰ፤ መከተብ የተጀመረው መጋቢት 4 ነው፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነበር።

በወረዳ የሚያስቸግረው ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሦስት አዛውንት በሩ ላይ ቢቆሙ ምን ይደረጋል? ከፍታችሁ ከትቡ፣ ሰባቱን ደግሞ ፈልጉ። አስቀድማችሁ በስልክ ሊደርሱ የሚችሉ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ከያዛችሁ አይባክንም። አዛውንቶቹን ነገ ኑ ብላችሁ ብትመልሱ ሦስቱም አይመለሱም።

ደረጃ 11፦ መዝጋት

የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው፤ በአጋጣሚ የአርበኞች ቀን። በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው፤ ተመርምሮ የሞተውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ይበተናል፣ መዝገቡም አብሮ ይበተናል። በሁለት ወር ውስጥ የተሳተፉትን ሰብስቡ፤ ሹፌሩንና የጽዳት ሠራተኛዋን ጨምሮ። የትኛው ሰዓት እንደረዘመና ለምን እንደረዘመ ብቻ ጠይቁ። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት አበል ካለ ዛሬ ክፈሉ፤ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ጥሪ አይመጣም። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሂዱና ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ መለኪያቸውን አንብቡ፤ ባዶዎቹን በዚያው ሳምንት አስሞሏቸው።